የተጨመረው ጉልበትና ልጓሙ

ተሠርቶ፣ ተፈትኖና ተወልውሎ ከፋብሪካ የወጣን አውቶሞቢል ገዝቶ፣ ጎማው የመንገድ አቧራ ሳይነካው ወደ ሌላ ፋብሪካ አስገብቶ እንደገና ማስፈታት ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ በጀርመን አገር ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። ሞተሩ ተከፍቶ ጉልበቱ ይጨመራል፤ ላሜራው ተነሥቶ በሌላ ይለወጣል፤ ቸርኬው ይተልቃል፤ ወንበሩ በሌላ ቆዳ ይለበጣል፤ የጭስ ማውጫው ድምፅ ሳይቀር እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ይቃኛል። ሥራው በዓለም ላይ የሚጠራበት «ቲዩኒንግ» የሚለው ቃልም ትርጉሙ ይኸው መቃኘት ነው።

ይህን ጉዳይ ለዛሬው እሑድ የመረጥነው ለተማሪም ሆነ ለወጣት ሹም የሚጠቅም አንድ ጥያቄ ስላገኘንበት ነው። ጥያቄውም፤ አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ የገዛውን መኪና እንደ ፈቃዱ ሲለውጥ፣ የሁሉም በሆነው መንገድ ላይ የሚያልፉትን ሰዎች ደኅንነት የሚለካው ማን ነው? የሚል ነው። ለምሳሌ የምንወስደው በጉልበቱም በዋጋውም ከታወቁት የቅንጦት የመስክ መኪናዎች አንዱን፣ የመርሴዲስ ቤንዝን ጂ ክላስ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እናሳስባለን።

ከጭቃ ወደ አደባባይ

ጂ ክላስ ሲወለድ ለአደባባይ የታሰበ መኪና አልነበረም። የዳይምለር ቤንዝ ኩባንያ ከኦስትሪያው ሽታየር ዳይምለር ፑኽ ጋራ ተስማምቶ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በግራትዝ ከተማ መሠራት የጀመረው በ1979 ነው። ላሜራው ቀጥ ያለ፣ መስተዋቱ ጠፍጣፋ፣ ጠቅላላ ቅርጹ ሳጥን የመሰለ ነበረ። በአራቱም እግሩ ይጎትታል፤ ኋላም ሦስት የዲፈረንሻል መቆለፊያ ተደርጎለታል። የመቆለፊያው ጥቅም፣ አንዱ እግር ጭቃ ላይ በከንቱ ሲሽከረከር ጉልበቱ በዚያ ባክኖ እንዳይቀር ወደ ሌሎቹ እግሮች እንዲደርስ ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ከቀረቡት ሞተሮች ትንሹ 72፣ ትልቁ ወደ 150 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። የብዙ አገር ጦር ሠራዊት ገዝቶታል። በ1983 ደግሞ ቤልጂጋዊው ዣኪ ኢክስ ከፈረንሳዊው የፊልም ተዋናይ ከክሎድ ብራሰር ጋራ ሆኖ በዚሁ መኪና የፓሪስ ዳካርን የበረሃ እሽቅድምድም አሸንፎአል።

ይህ የጭቃና የአሸዋ ሠራተኛ እንዴት የከበርቴዎች ጌጥ ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ ሌላ ታሪክ መሻገር ያስፈልጋል። በ1967 ሐንስ ቬርነር አውፍሬኽትና ኤርሃርድ ሜልኸር የተባሉ፣ ቀድሞ በዳይምለር ቤንዝ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች የመርሴዲስን ሞተር የሚያሻሽል አንድ ሥራ ቤት አቋቋሙ። ስሙም ኤ ኤም ጂ ተባለ። በ1971 ይኸው ሥራ ቤት አንድ ከባድ ባለ አራት በር የመርሴዲስ የቤት መኪና ወስዶ፣ ሞተሩን ወደ 6.8 ሊትር አስፍቶ፣ በቤልጂግ አገር በስፓ ለ24 ሰዓት በሚካሄደው እሽቅድምድም ሁለተኛ ወጣ። ለባለጸጎች ምቾት የተሠራው ከባድ መኪና ለእሽቅድምድም ከተሠሩት ቀላሎች መካከል ይህን ያህል መዝለቁ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነገር ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትኩረት የሚገባው ነው። ዋናው ፋብሪካ የውጪውን ቃኚ አላሳደደውም፤ ይልቁንም ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ አስገባው። ዳይምለር ክራይስለር በ1999 የኤ ኤም ጂን አብላጫ ድርሻ፣ በ2005 ደግሞ ጠቅላላውን ያዘ። ስለዚህም ቀድሞ በትንሽ ጋራዥ በትእዛዝ ይሠራ የነበረው ጉልበት አሁን ከመደብር ይገዛል። በ2012 የወጣው ጂ 63 የተባለው ሞዴል 544 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ በ2018 በአዲስ መልክ የተሠራው ደግሞ በ4 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር 585 ደርሶአል።

በከሰል ከተማ ያለው ጋራዥ

እንግዲህ ፋብሪካው ራሱ ይህን ያህል ከጨመረ፣ በውጭ ለቀረው ቃኚ ምን ተረፈው? የተረፈው ከዚያ በላይ መውጣት ነው። በዚህ ረገድ እጅግ ከታወቁት አንዱ በሩር አውራጃ በቦትሮፕ ከተማ የሚገኘው ብራቡስ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው በ1977 ሲሆን፣ ስሙ ከሁለቱ መሥራቾች ከብራክማንና ከቡሽማን ስም መጀመሪያ ፊደሎች የተወሰደ ነው። ለብዙ ዓመታት የመራው ቦዶ ቡሽማን በ2018 ሞቶአል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በጀርመን አገር የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ ፕሮስፐር ሐኒየል የተባለው፣ በዚሁ በቦትሮፕ ተዘጋ። የመጨረሻውም የከሰል ቁራጭ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት በእጃቸው ተሰጠ። ከመሬት በታች ይወጣ የነበረው ሀብት ባለቀበት ከተማ ውስጥ፣ የሰለጠነ እጅ የሠራው ዕቃ ወደ ዓለም ሁሉ መሸጡ ቀጥሎአል። ይህን ንግድ «የባለጸጋ ቀልድ» ብሎ ለሚንቅ ሰው ይህ አንድ መልስ ነው፤ ቆዳ ሰፊው፣ ቀለም ቀቢው፣ ብረት ቀራጩና የሞተር መሐንዲሱ ከዚህ እንጀራቸውን ያገኛሉ።

ጉልበት እንዴት ይጨመራል?

የዛሬው ኃይለኛ ሞተር የሚተነፍሰው በቱርቦ ነው። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያዞረው ትንሽ መዘውር ሲሆን፣ ሲዞር ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። አየር በበዛ መጠን ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ብዙ ነዳጅ በተቃጠለ መጠን ጉልበት ይበዛል። የአየሩን፣ የነዳጁንና የእሳቱን ልክ የሚወስነው በመኪናው ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ ፒስቶን ሳይነካ የኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ይለወጣል። ብራቡስ የጂ 63ን 585 የፈረስ ጉልበት ወደ 700 የሚያወጣው በዚህ ዓይነት ተጨማሪ መሣሪያ ነው። ወደ 800 ለመድረስ ግን ቱርቦዎቹ ራሳቸው መለወጥ አለባቸው። ወደ 900 የወጣው ሞዴል ደግሞ ሞተሩ ከ4 ሊትር ወደ 4.5 ሊትር የሰፋ ሲሆን፣ ለዚህም የሞተሩ ዋና ዘንግና ፒስቶኖቹ በሌላ ተተክተዋል። ይህ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጅበት 3.7 ሴኮንድ ነው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም በኮምፒዩተር 280 ኪሎ ሜትር ላይ ተወስኖአል። በ1979 ከነበረው ትንሽ ሞተር ጋራ ሲነጻጸር ጉልበቱ ከ12 እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ እርሳስ አንሥቶ ከእኛ ጋራ እንዲያሰላ እንጠይቃለን። መኪናው ወደ 2 ሺሕ 500 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ተማሪዎች በፊዚክስ ትምህርት እንደሚያውቁት፣ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን በሚንቀሳቀሰው አካል ውስጥ ያለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ከ100 ወደ 200 ኪሎ ሜትር ሲወጣ፣ ለማቆም ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል አራት እጥፍ ነው፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀትም እንዲሁ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። በሌላው በኩል የመኪናው ቅርጽ ሳጥን በመሆኑ አየሩ አጥብቆ ይቃወመዋል። ይህን ተቃውሞ ለማሸነፍ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ሞተርን ብቻ ማበርታት ግማሽ ሥራ መሆኑን ነው። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ሞላው፣ ማርሹ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ሁሉ አብረው ካልበረቱ፣ አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት በእርግጥ ይደርሳል። በጥሩ ቃኚና በመጥፎ ቃኚ መካከል ያለው ልዩነትም በዚህ ይታወቃል። መጥፎው የሚሸጠው ቁጥር ነው፤ ጥሩው ቁጥሩን የሚሸከመውን አካል ጭምር ይሸጣል፤ ለሠራውም በስሙ ዋስትና ይሰጣል።

ጌጥና ጥቅም

መልክን የመለወጡ ነገር ከዚህ የተለየ ፍርድ ይፈልጋል። የጎማ መሸፈኛዎቹ ሰፍተው መኪናው በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ከካርቦን ጭረት የተሠራ ኮፈንና የፊት መከላከያ ይገጠማል፤ እስከ 24 ኢንች የሚደርስ ቸርኬ ይደረግበታል። ከነዚህ ውስጥ ጥቂቱ ሥራ አለው። ሰፊው ጎማ ከላሜራው እንዳይወጣ መሸፈኛው መስፋት አለበት፤ በፊት ያለው ትልቅ ቀዳዳም ለጋለው ሞተር አየር ያስገባል። የቀረው ግን ባለቤቱ ከሌላው ተለይቶ እንዲታይ የተደረገ ጌጥ ነው።

መቀመጫን ማስጌጥ ትናንት የመጣ አመል አይደለም። በአገራችንም ባለማዕርግ ሰው በቅሎውንና ፈረሱን በተጌጠ ኮርቻና በብር ጉትቻ ሲያሸልም፣ በፈረሱም ስም ሲጠራ ኖሮአል። ጌጥን በጌጥነቱ የሚነቅፍ ካለ ብዙ ታሪክ ይነቅፋል። እኛ የምናስተውለው ሌላ ነገር ነው። ትልቅ ቸርኬ ሲገባ በቸርኬውና በመንገዱ መካከል የሚቀረው የጎማ ጎን ቀጭን ይሆናል። ይህን የመሰለ ጎማ ድንጋይ ሲመታው የሚታጠፍበት ቦታ ስለሌለው ምቱ በቀጥታ ወደ ቸርኬው ይደርሳል። እንግዲህ ለበረሃና ለጭቃ የተፈጠረው መኪና ሦስቱን የዲፈረንሻል መቆለፊያ እንደ ያዘ፣ ከአስፋልት መውረድ የሚፈራ ይሆናል። በአንድ በኩል ጉልበት ሲጨመር በሌላ በኩል ችሎታ ተቀነሰ ማለት ነው። ማንኛውም ለውጥ መሻሻል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ምሳሌ ቢያስታውስ መልካም ነው።

የሚፈርመው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄአችን ደርሰናል። ይህን ሁሉ ለውጥ የሚለካው ማን ነው?

በጥር 1865 በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ በአንድ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ማሞቂያ ጋን ፈነዳ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው አደጋ ብርቅ አልነበረም። ዳሩ ግን ከዚህ በኋላ የማሞቂያ ጋን ባለቤቶች ተሰብስበው በ1866 አንድ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩም ሥራ የእያንዳንዱን ጋን ብርታት ከሻጩም ከገዢውም ነጻ በሆነ ባለሙያ ማስመርመር ነበረ። ዛሬ በጀርመን አገር መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ቲውፍ የተባሉት የምርመራ ድርጅቶች የመነጩት ከዚህ ዓይነት ማኅበር ነው።

ሕጉም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። የጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ መኪናን መለወጥን በጅምላ አይከለክልም። የሚለው እንዲህ ነው፤ ለውጡ የመኪናውን ዓይነት ከቀየረ፣ ወይም በመንገድ ላይ ያለን ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ፣ ወይም ጭሱን ወይም ድምፁን ካባባሰ፣ መኪናው በመንገድ ላይ እንዲነዳ የተሰጠው ፈቃድ ያንጊዜውኑ ይወድቃል። በሌላ በኩል የተገጠመው ዕቃ ለዚያ ሞዴል የተመረመረ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ካለውና ገጠማውም እንደ ደንቡ ከሆነ፣ ፈቃዱ ይጸናል። ይህ አነጋገር አጭር ቢሆንም ትልቅ ብልሃት አለበት። የማስረዳቱን ሸክም በፖሊስና በእግረኛ ላይ ሳይሆን በሚለውጠውና በሚሸጠው ላይ ይጥለዋል። ቸርኬ ሠሪው ቸርኬው ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ካላስፈተነ፣ ገበያ አያገኝም። በዚህም ምክንያት ትልልቆቹ ቃኚዎች የሕጉ ጠላት አልሆኑም፤ ሕጉ እነርሱን ከአጭበርባሪው ይለይላቸዋልና። በ2005 የቃኚዎቹ ማኅበር ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ጋራ ሆኖ፣ መኪናን በሕግ ልክ ማሻሻል እንደሚቻል ለወጣቶች የሚያስረዳ ዘመቻ ጀምሮአል። ለዚህም በፖሊስ ቀለም የተቀባ አንድ የተቃኘ መኪና ለሕዝብ ይታያል።

ምርመራው የማይደርስበት

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መለኪያ ብቻውን ሁሉን አልፈታም። መኪና የሚመረመረው ቆሞ ወይም በተወሰነ አነዳድ ነው፤ የሚነዳው ግን በሰው ፈቃድ ነው። በብዙዎቹ ኃይለኛ መኪናዎች የጭስ ማውጫ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አለ፤ ሹፌሩ አንድ ቁልፍ ሲጫን ድምፁ ያገሣል። በወረቀቱ ላይ ጸጥ ያለው መኪና በእኩለ ሌሊት ሕፃን ይቀሰቅሳል። ያችው የእንፋሎት ጋን የፈነዳባት ማንሃይም፣ በ2016 ፖሊሶችዋን አሰማርታ በመኪና ጩኸት የሚመጻደቁትን ሹፌሮች በተለይ መቆጣጠር ጀመረች። የአገሪቱ የመንገድ ደንብ ያለ ጥቅም ማስጮኽንና ሰውን እያወኩ በከተማ ውስጥ ያለ ፋይዳ ወዲያ ወዲህ መመላለስን ይከለክላል። በ2021 ቅጣቱ እስከ 100 ዩሮ ከፍ ብሎአል። የመኪናው ዋጋ ብዙ መቶ ሺሕ ዩሮ ለሆነበት ሰው 100 ዩሮ ምን ያህል ያስፈራዋል? የሚለውን አንባቢ ይፍረድ።

ከጩኸት የከፋም አለ። በየካቲት 2016 በበርሊን ከተማ በኩርፉርስተንዳም ጎዳና ሁለት ወጣቶች በሌሊት ሲሽቀዳደሙ፣ በገዛ መንገዱ ይሄድ የነበረን የ69 ዓመት ሰው ገጭተው ገደሉ። የተነዱት መኪናዎች የመስክ መኪናዎች አልነበሩም፤ ነገሩን የምናነሣው የጉልበት ጉዳይ በፍርድ ቤት እስከ ምን እንደሚደርስ ስለሚያሳይ ነው። የበርሊን ፍርድ ቤት በ2017 ሁለቱንም በነፍስ ግድያ ወንጀል ፈረደባቸው። ከይግባኝና ከዳግም ክርክር በኋላ የበላዩ ፍርድ ቤት በ2020 በአንዱ ላይ የተሰጠውን ይህንኑ ፍርድ አጸና። በ2017 ደግሞ በመንገድ ላይ መሽቀዳደም በወንጀል ሕግ ውስጥ ገብቶ እስከ ሁለት ዓመት፣ ሰው ከሞተበት እስከ አሥር ዓመት እሥራት የሚያስቀጣ ሆነ። ሕጉ ብቻውን ሆኖ የመኪናውን የመጨረሻ ፍጥነት ለማውጣት በግዴለሽነት የሚጋልበውንም ይይዛል።

ሌሎች ከተሞች ደግሞ በክብደት በኩል መጥተዋል። የፓሪስ ከተማ በየካቲት 2024 ነዋሪዎችዋን አስመርጣ፣ ከ54 ከመቶ የሚበልጡት ድምፅ ሰጪዎች ስለ ደገፉት፣ ከዚያው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ ከውጭ በሚመጡ ከባድ መኪናዎች ላይ የማቆሚያውን ዋጋ በሦስት እጥፍ ጨመረች። በነዳጅ ለሚሠራ መኪና ልኩ 1 ሺሕ 600 ኪሎ ግራም ነው፤ በከተማው መካከል ዋጋው በሰዓት 18 ዩሮ ሆነ። ይሁንና ለምርጫው የወጣው ሕዝብ ከመቶ ስድስት እንኳ አለመሙላቱን አብሮ መጥቀስ ተገቢ ነው።

ድምፅ የሌለው ጉልበት

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2024 መርሴዲስ ቤንዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጂ ክላስ አወጣ። አራት ሞተሮች አሉት፤ ጠቅላላ ጉልበታቸው 587 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ የመኪናው ክብደት ከ3 ሺሕ ኪሎ ግራም በላይ ነው። የሚያስገርመው፣ ይህ በተፈጥሮው ጸጥ ያለ መኪና የሚያገሣ ሰው ሠራሽ ድምፅ ተሰጥቶታል። ሰው ለካ ከጉልበቱ ይልቅ የጉልበቱን ወሬ ይገዛ ኖሮአል!

ይህ ለውጥ ለመንግሥት ሠራተኞች አዲስ ፈተና ያመጣል። በቀድሞው ጊዜ የተለወጠ ሞተር በዓይን ይታይ፣ በጆሮ ይሰማ ነበረ። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ጉልበትን የሚወስነው የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ ቢለወጥ ኮፈኑን የሚከፍት መርማሪ ምንም ምልክት አያይም። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ቦሎ ለመለጠፍ ፍሬንና መብራት የሚያየው ዓይን ነገ የኮምፒዩተር ትእዛዝ ማንበብን መማሩ ግድ ይሆናል።

ከተዘረዘረው የምናገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። ሰው በንብረቱ ላይ ያለው ነጻነት ትልቅ ነገር ነው፤ የሰለጠነ እጅ ከዚያ ነጻነት እንጀራ ይጋግራል፤ የቦትሮፕ ታሪክም ይህን ይመሰክራል። ነገር ግን ጉልበት በተጨመረ ቁጥር፣ ከሻጩም ከገዢውም ነጻ የሆነ፣ ሙያ ያለውና ስሙን የሚፈርም ሰው ሊኖር ያስፈልጋል። ይህ ሰው በሌለበት ሕጉ ወይ ሁሉን ይከለክላል፤ ያን ጊዜ ሥራው ወደ ጨለማ ጋራዥ ይገባል። ወይም ሁሉን ይለቃል፤ ያን ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው መንገድ የሚሻገረው እግረኛ ነው። መሣሪያውን መርማሪው ከለካ በኋላም የነጂውን አመል የሚለካው ዳኛና ፖሊስ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራለት አይችልም።

ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያላችሁ፣ ነገም ደንብ የምታረቁና በምርመራ ወረቀት ግርጌ የምትፈርሙ ወጣቶች ናችሁ። በዚያ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ፊርማ መኪናውን የማያውቀው፣ ባለቤቱንም አይቶት የማያውቀው አንድ መንገደኛ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲገባ የተሰጠ ዋስትና ነው። እንግዲህ ሳይለኩ መፈረም ያ መንገደኛ ሳያውቀው በነፍሱ መወራረድ መሆኑን አትርሱ።